ጭሱ የማን ብክነት ነው?

ቤት ውስጥ «አታባክን» የሚለው ቃል ወቀሳ ነው። መብራት ሳያጠፋ የወጣ ልጅ፣ የተረፈውን እንጀራ የደፋ ሰው፣ ዘይቱን ያለ ልክ የጨመረ ሁሉ ይወርድበታል። ቃሉ ሲወርድ ጥፋተኛው ይታወቃል፣ ጥፋቱም ይታወቃል። ምህንድስና ክፍል ውስጥ ግን ያው ቃል የመቀነስ ስሌት ነው። የገባውን ኃይል ጻፍ፣ ጠቃሚ ሆኖ የወጣውን ቀንስ፣ የቀረው ብክነት ነው። ማንም አልተወቀሰም፣ ማንም አላፈረም። እንዲህ እያልን ዓመታት ተምረን ስንጨርስ ቃሉን ይዘን ወደ ሰው ማሳና ወደ ሰው ጓዳ እንገባለን። እዚያ ሲደርስ ቃሉ ወደ ድሮ ትርጉሙ ይመለሳል፤ ቁጥር የያዘ ወቀሳ ይሆናል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። አንድን ሰው «እያባከንክ ነው» ለማለት ምን ምን መሟላት አለበት? ጥያቄው አየር ላይ እንዳይቀር በማውቀው አገር በአዊ፣ በማውቀው ሥራም በሞዴል ሥራ በኩል ልሂድበት።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲኬድ መሐል ላይ አዲስ ቅዳም አለች፤ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ሁለት ነገር ሳያይ አያልፍም፤ ጥቅጥቅ ያለ የዲከረንስ ዛፍና ከመንገድ ዳር የተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ። ዲከረንስ አገሩ አውስትራሊያ ነው። እዚህ ግን የገበሬው የእርሻ ዙር አካል ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ይተከላል፣ ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፣ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ይከስላል፣ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። የአካባቢው አፈር አሲዳማ ስለሆነ ምርት ይነፍግ ነበር፤ ዛፉ ናይትሮጂን ወደ አፈር ስለሚመልስ ለመሬቱም እረፍት ሆነለት። ከሰል ደን ያወድማል ሲባል ለኖረ አገር ይህ ያልተለመደ ታሪክ ነው፤ እዚህ ወረዳ ከሰል የተተከለ እንጂ የተመነጠረ ደን ውጤት አይደለም፣ የደኑ ሽፋን መጨመሩም በሳተላይት ምስል የታየ ነው።

አከሳሰሉ ግን የጥንቱ ነው። እንጨቱ ይከመራል፣ በቅጠልና በሣር ይሸፈናል፣ አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ እሳት ይገባበታል። ቀጥሎ ያለው ቀንና ሌሊት መጠበቅ ነው። አፈሩ የሆነ ቦታ ከተሸነቆረና አየር ከበዛበት ከሰሉ አመድ ይሆናል። ጠባቂው ታዲያ ጭሱ መሐል ነው የሚውለው፣ የሚያድረውም።

አሁን ወደ ጭሱ። እንጨት አየር ሲያንሰው ዝም ብሎ አይነድም፤ ይበታተናል። የሚወጣው ጭስ የውሃ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጂን፣ ሬንጅ መሰል ተን፣ ከነዚህ ጋር ደግሞ ሊነዱ የሚችሉ ሦስት ጋዞች ቅልቅል ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጂንና ሚቴን። እነዚህን ሦስት ስሞች በአንድ መስመር ሲያይ ልቡ የሚመታ የሞዴል ሰው አለ። የሶሊድ ኦክሳይድ ፊውል ሴል ሞዴል የሚጽፍ ሰው ነው።

ፊውል ሴል ባትሪ ይመስላል፤ ልዩነቱ ነዳጅና አየር እስከተመገበ ድረስ አለማለቁ ነው። በሶሊድ ኦክሳይዱ ዓይነት መሐል ላይ ያለው ስስ የሴራሚክ ገበታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢትሪያ የተቀላቀለበት ዚርኮኒያ። ከ600 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ይህ ሴራሚክ የኦክሲጅን አዮን ያሳልፋል። በአየሩ በኩል ኦክሲጅን ኤሌክትሮን ተቀብሎ ይገባል፣ ሴራሚኩን ተሻግሮ በነዳጁ በኩል ከሃይድሮጂን ወይም ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ይገናኛል፣ ኤሌክትሮኑን እዚያ ይለቃል። ኤሌክትሮኑ በውጭ ባለው ሽቦ ዞሮ ሲመለስ መብራት ሆነ ማለት ነው። ነበልባል የለም። ዝቅ ባለ ሙቀት ለሚሠሩት የፊውል ሴል ዓይነቶች ካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ነው፤ ለዚህኛው ግን ምግብ ነው። ስለዚህ የተቀላቀለ ጋዝ ያለበት ቦታ ሁሉ የዚህ ሴል ስም ይነሳል። በ1937 እ.ኤ.አ. ባወርና ፕራይስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ የዚርኮኒያ ሴል 1,000 ዲግሪ አካባቢ አግለው ሲሞክሩ፣ ከጀርባው የነበረው የባወር የረጅም ጊዜ ሕልም ከድንጋይ ከሰል ያለ ቃጠሎ ኤሌክትሪክ ማውጣት ነበር። ሕልሙ ከከሰል ጋር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ሞዴሉ ራሱ ከባድ አይደለም። የጋዞቹን ድርሻ ታስገባለህ፤ ድምሩ አንድ መሆን አለበት። ሚቴኑ ከእንፋሎት ጋር ሆኖ ወደ ሃይድሮጂንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀየራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ከእንፋሎት ጋር ተጨማሪ ሃይድሮጂን ይሰጣል። እነዚህ ሚዛናቸው ላይ ደርሰዋል ትላለህ። የኔርንስት ቀመር በመርህ ደረጃ ሊገኝ የሚችለውን ቮልቴጅ ይነግርሃል፤ ለአንድ ሴል አንድ ቮልት ገደማ። ከዚያ ሦስት ዓይነት ኪሳራ ትቀንሳለህ፤ ምላሹን ለማስጀመር የሚከፈለውን፣ በገበታው ውስጥ በመቋቋም የሚጠፋውን፣ ነዳጁ እስኪደርስ በሚፈጠር እጥረት የሚመጣውን። ጥቂት መቶ መስመር ኮድ ነው። ላፕቶፕ ላይ በሰከንዶች ያልቃል።

እስኪ የፋግታን ጭስ በዚህ ውስጥ እናስገባው። 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 1,850 ሜጋጁል ያህል ኃይል ይይዛል እንበል። በአፈር ክምር ሲከስል 20 ኪሎ ከሰል ይሰጣል እንበል፤ ጥሩ አክሳይ የሚደርስበት ነው። የከሰሉ አንድ ኪሎ 30 ሜጋጁል ቢይዝ፣ የተገኘው 600 ሜጋጁል ነው። ሁለት ሦስተኛው ሄዷል። ከሄደው ከፊሉ ክምሩን ራሱን ለማጋል ነድዷል፣ ከፊሉ ሬንጅ ሆኗል፤ ግማሽ ያህሉ፣ በጥቅሉ 600 ሜጋጁል፣ በሚነዱት ጋዞች ውስጥ ቀርቷል እንበል። ፊውል ሴሉ 45 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል እንበል። ውጤቱ 270 ሜጋጁል፣ ማለትም 75 ኪሎዋት ሰዓት። ከአንድ 100 ኪሎ እንጨት! አንድ የገጠር ቤት በዚያ ስንት ሌሊት አምፖል ሊያበራ እንደሚችል ማስላት አያስቸግርም። «በየዓመቱ ይህን ያህል ሜጋዋት ሰዓት በጭስ መልክ እየባከነ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚቀረው አንድ ማባዛት ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር ለአጎቴ ነገርኳቸው። ዲከረንስ ተክለው የሚያከስሉ ሰው ናቸው። አልተከራከሩኝም። «ይሁን ልጄ፣ በምን ትይዘዋለህ?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ከያዝክልኝማ እኔን ምን ይከፋኛል፤ ዓይኔም ያርፍ ነበር» አሉ።

የአጎቴ ጥያቄ የፍልስፍና ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ «እንበል» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኩ ቁጠሩት። ያልተባሉትም አሉ። ጭሱ ከአፈሩ ሁለመና እንጂ ከአንድ ቀዳዳ አይወጣም፤ ሞዴሉ ግን በቧንቧ መጥቷል ይላል። ሬንጁ ሴሉ ጋ ሲደርስ ይደፍነዋል፤ ሞዴሉ ተጣርቷል ይላል። እንፋሎቱ በቂ ካልሆነ ካርቦኑ ኒኬሉ ላይ ጥላሸት ሆኖ ይጋገራል፤ ሞዴሉ እንፋሎት አለ ይላል። ክምሩ ለቀናት ነድዶ ይጠፋል፤ ሴራሚክ ደግሞ ቶሎ ሲግልና ቶሎ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ሞዴሉ ሁሌም የማይቋረጥ ጋዝ አለ ይላል። ዛፉ ራሱ ሁሌም ይኖራል ይላል፤ በቅርብ ዓመታት ግን የዝገት በሽታ የአካባቢውን ዲከረንስ ክፉኛ መትቶታል።

ማንም «እንበል» ሳይል የገባም አለ። ብዙ ጊዜ ኮዱ ውስጥ የአየር ግፊት የሚል መስመር ላይ 101.3 ኪሎፓስካል ተጽፎ ይገኛል። ዲፎልት ነው። የባሕር ዳርቻ ግፊት ነው እንግዲህ፤ ሐይቅ ዳር ያለችው ባሕር ዳር ሳትሆን የውቅያኖስ ዳር። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግፊቷ የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህ በ800 ዲግሪ ከአንዱ ሴል ቮልቴጅ ላይ የሚቀንሰው ሰባት ሚሊቮልት ያህል ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያንኑ ኦክሲጅን ለማምጣት ግን ማራገቢያው አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ አየር መግፋት አለበት፣ የሚገፋውም ከተመረተው መብራት ላይ ወስዶ ነው። ነገሬ ስለ ሰባቱ ሚሊቮልት አይደለም። ነገሬ ሞዴሉ የተወለደበትን አገር ሳይናገር ይዞ መምጣቱ ነው።

ግምት ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ያለ ግምት ድልድይም አይሠራም፣ ሰርግም አይደገስም። «እንበል» የሚለው ግሥ ግን ልብ ቢባል በውስጡ «እኛ» አለበት። እኔና አንተ ተስማምተን ለጊዜው እንዲህ ነው እንበል ማለት ነው፤ ተናጋሪና ሰሚ የሚጋሩት ውል ነው። ችግሩ ቁጥሩ ከኮዱ ወጥቶ ሲሄድ «እንበል»ን ጥሎ መሄዱ ነው። 75 ኪሎዋት ሰዓት ብቻውን ይሄዳል። በዚያ «እኛ» ውስጥ አጎቴ አልነበሩም። ወቀሳው ሲመጣ ግን የሚመጣው ወደ እርሳቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ብክነት ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልጋል። የጠፋ ዋጋ ያለው ነገር መኖር አለበት። ሳይጠፋ የሚቀርበት ሌላ መንገድ መኖር አለበት። መንገዱም በተወቃሹ እጅ መሆን አለበት። ሞዴል የመጀመሪያውን ይሰጠናል፤ ሁለተኛውንም በከፊል። ሦስተኛውን ግን አይሰጥም፣ ምክንያቱም ሞዴል ውስጥ እጅ የሚባል ተለዋዋጭ የለም። «ይገባዋል» ከማለት በፊት «ይችላል» መቅደም አለበት የሚለው ከካንት ስም ጋር የሚነሳው መርህ የሚለው ይህንኑ ነው። የማይቻልን ነገር ባለማድረጉ ሰው አይወቀስም።

ለዚህ ከአዊ ጎረቤት የተሻለ ምሳሌ የለም። ስለ ዓባይ ስንናገር ለዘመናት እንደ ባካኝ ሰው ነው የወቀስነው፤ ማደሪያ የሌለው፣ ግንድ ይዞ የሚዞር። ውሃው ግን መቼ ነው ብክነት የሆነው? በድሮ ዘመን ሊገድበው የሚችል ስላልነበረ ወራጅ እንጂ ባካኝ አልነበረም። ከ1956 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ሸለቆውን አጥንቶ በድንበሩ አካባቢ የግድብ ቦታ ሲጠቁም ነገሩ በወረቀት ላይ «ይቻላል» ሆነ። በእጅ ግን አልነበረም፤ ገንዘቡም፣ ብድሩም፣ የዓለም ፖለቲካውም አልተፈቀደልንም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት አቅም ይዞ ጉባ ላይ ተመረቀ። ከጥናቱ እስከ መሠረቱ ባሉት አርባ ሰባት ዓመታት በየክረምቱ የሄደውን ውሃ ማን አባከነው? ወንዙ አይደለም፣ ዳር ያለው ገበሬም አይደለም። ወቀሳ ካለ ወቀሳው ቁልፉ በእጁ ወደነበረ ሰው ይሄዳል። ብክነት ሁሌም አቅም ያለበት ቦታ ነው የሚኖረው።

ይህ ቃል ያለ ቦታው ሲነገር ምን እንደሚያደርግ ታሪክ ያሳያል። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ1689 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመንግሥት ድርሳን፣ ሰው ሳይጠቀምበት የሚበሰብስበትን ያህል ለራሱ መውሰድ የለበትም ይላል፤ መልካም ምክር ነው። እዚያው ግን ያልታረሰ መሬትን ባካና ይለዋል፣ ምሳሌውም አሜሪካ ናት። መሬቱ ላይ አድነውና ለቅመው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ሐሳቡ በኋላ መሬታቸውን ለመንጠቅ ክርክር ሆኖ አገልግሏል። በእኛም አገር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰፋፊ መሬት ለባለሀብቶች በሊዝ ሲሰጥ አንዱ ምክንያት መሬቱ ያልተያዘ ነው የሚል ነበር። ጉሙዞች ግን መሬት እያፈራረቁ የሚያርሱ ናቸው፤ ባዶ የሚመስለው ማሳ ያረፈ ማሳ ነው። «ባከነ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «ልውሰደው» የሚለው ቃል መንገድ ጠራጊ ነው። የፋግታ ጭስ ቁጥርም ነገ ከሰል የሚከለክል ደብዳቤ ላይ ወይም ዛፉን በርካሽ የሚጠቀልል ፕሮጀክት መግቢያ ላይ ሊገኝ ይችላል። ሞዴሉን የጻፈው ልጅ እዚያ አይኖርም።

«እንዲህ ከሆነማ ማንንም አንወቅስ፣ ጭሱም ይጭስ» የሚል ይኖራል። ጠንካራ ተቃውሞ ነው። ጭሱ ቁጥር ብቻ አይደለምና። ፊውል ሴሉን የሚመግበው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። ሌሊቱን ክምር ሲጠብቅ የሚያድር ሰው ይተነፍሰዋል። ይህ ማንም ባይወቀስበትም ጉዳት ነው። ስለዚህ ሁለት ቃል ያስፈልገናል። ኪሳራ ጥፋተኛ ባይኖረውም ኪሳራ ነው፤ ብክነት ግን ባለቤት አለው። ጭሱ ኪሳራ መሆኑን ሞዴሉ በትክክል ነግሮናል። ብክነት መሆን አለመሆኑን ግን እጅን እያየን አንድ በአንድ መጠየቅ አለብን።

በባዮጋዝ እንፈትነው። የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር አማራ ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። ከከብት እበት የሚገኘው ይህ ጋዝ ስድሳ በመቶ ገደማ ሚቴን ነው፤ የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን የኒኬል ጠላት የሆነ ጥቂት ሃይድሮጂን ሰልፋይድም አለበት። አንድ ገበሬ ጉድጓዱ ተሠርቶለታል፣ ከብት አለው፣ ውሃ ቅርቡ ነው፣ ምድጃው ይሠራል፤ ሰነፍ ሆኖ ግን እበቱን አያስገባም። ይህ ብክነት ነው፣ እሱም ባለቤቱ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ሁሉ ነገር አለው፤ የጋዝ መዝጊያው ተሰብሮ መለዋወጫ አጥቶ ቆሟል። ጋዙ በሁለቱም ቤት እኩል ነው የሚጠፋው፤ በሞዴል አንድ ቁጥር ናቸው። ሁለተኛው ግን የመለዋወጫውን ነገር ሳያስብ ሠርቶለት የሄደው አካል ብክነት እንጂ የእርሱ አይደለም።

ስለዚህ ማስላት እናቁም አልልም። የማለው ሞዴል የሚጽፍ ሰው ግዴታው ቁጥሩ ሲወጣ አያልቅም ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ሥራ ስሠራ ውጤት የሚመልሰው ፈንክሽን ግምቶቹን አብሮ ካልመለሰ ውጤቱንም እንዳይሰጥ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ዲፎልት ግፊትም አላስቀምጥም፣ ተጠቃሚው ከፍታውን ራሱ ይጻፍ። ከያንዳንዱ ግምት ጎን ደግሞ አንድ ዓምድ አለ፤ «በማን እጅ?» ይላል። የጭሱን ሞዴል በዚያ ዓምድ ብትደረድሩት ነገሩ ይገለበጣል። የሴሉ ዋጋ፤ በሩቅ አገር ፋብሪካ እጅ። ጋዙን ከአፈር ክምር መሰብሰብ፤ ለጊዜው በማንም እጅ የለም። ጭሱን ወደ እሳቱ መልሶ የሚያነድ ዝግ ምድጃ፤ አሠራሩ በዓለም የታወቀ ነው፣ ብረቱና ገንዘቡ ካለ በማኅበርና በወረዳ እጅ። ለክምሩ ጭስ ማውጫ አበጅቶ ጠባቂውን ከጭሱ ማራቅ፤ በአክሳዩና ሊያግዘው በሚችል ባለሙያ እጅ። እንጨቱን አድርቆ ማክሰል፣ በዚያም ከያንዳንዱ ክምር ብዙ ከሰልና ትንሽ ጭስ ማግኘት፤ በአክሳዩ እጅ፣ ያውም ዕዳ ካላስቸኮለውና ማሳው ከክረምት በፊት መጽዳት ከሌለበት።

በዚህ አደራደር ፊውል ሴሉ መጨረሻ ላይ ይወርዳል፣ ደረቅ እንጨት አንደኛ ይወጣል። ለሞዴል ጸሐፊ የሚያኮራ ውጤት አይደለም፤ በደረቅ እንጨት ላይ ማን ወረቀት ያሳትማል? ግን ጥያቄው ለማን ነው የምናሰላው የሚል ከሆነ መልሱ ይኸው ነው። እውቀቱ፣ ኮምፒውተሩና ጊዜው በእኔና በመሰሎቼ እጅ ነው። በእጃችን እያለ ለጠባቂው ሳንባ አንዲት መስመር ሳንጽፍ 75 ኪሎዋት ሰዓት ብለን ከዘጋነው፣ ያን ጊዜ በጭሱ ውስጥ እውነተኛ ብክነት ይኖራል፣ ባለቤቶቹም እኛ ነን።